ብቻውን የሚሄድ ሰው ከስንት ሰው ጋር ይሄዳል?

የአውሮፓን ሰሜን ብቻውን ሊዞር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ ሊያረጋግጥ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ማንም ሳያስፈልገኝ እችላለሁ የሚለውን። ለዚህ ፈተና ደግሞ ቀዝቃዛና ዝምተኛ አገር የተመቸ ይመስላል። ፊንላንድን እንውሰድ። በ338 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሚኖረው ሕዝብ 5.6 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከምድሩ ሦስት አራተኛው ያህል ደን ነው። ከሄልሲንኪ ወደ ሮቫኒየሚ 12 ሰዓት ገደማ በሚጓዘው የሌሊት ባቡር ላይ ከጎን የተቀመጠው ሰው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቢወርድ ማንም እንደ ነውር አይቆጥርበትም። ፍልስፍናም ለዚህ ምኞት የራሱን ማገዶ አቀብሏል። ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1913 ከካምብሪጅ ርቆ ኖርዌይ ውስጥ ሾልደን ወደምትባል መንደር የሄደው ስለ ሎጂክ በጸጥታ ለማሰብ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያነሣውም በኋላ ከሐይቁ በላይ ገደሉ ላይ የተሠራችለትን ቤት ነው። ከዚያ በፊት የኖረው በመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ቤት መሆኑን፣ ያችንም ቤት የአገሬው ሰዎች እንደሠሩለት፣ ስንቁን ከሐይቁ ማዶ በጀልባ ያመጣ እንደነበር ግን ብዙም አይነገርም። ለእኔ ዋናው ነገር ያለው በዚህ በሚዘለለው ክፍል ውስጥ ነው። ብቻ መሆን የብዙ ሰው ሥራ ውጤት ነው፤ ሰሜኑም ለመንገደኛው ራስን መቻልን ሳይሆን ጥገኝነቱን ያሳየዋል።

ማስረጃዬ ብርዱ ነው። በፊንላንድ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ሙቀት እ.ኤ.አ. በጥር 1999 በኪቲላ ወረዳ፣ ፖካ በምትባል መንደር የተለካው ከዜሮ በታች 51.5 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለው ቀን ብርቅ ነው፤ ከዜሮ በታች 30 ግን በሰሜኑ ክፍል፣ በላፕላንድ ክረምት ብርቅ አይደለም። በሰሜን ጫፍ በኡትስዮኪ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር አጋማሽ በኋላ የጠለቀችው ፀሐይ እስከ ጥር መጀመሪያ አካባቢ አትወጣም። በሞቃት አገር የመሸበት ሰው ኩታውን ተከናንቦ ዛፍ ሥር ሊያድር ይችላል፤ በማግስቱም ማንም አልረዳኝም ብሎ ቢናገር እውነት ይመስላል። በላፕላንድ ይህ ውሸት አንድ ሌሊት አይዘልቅም። በደኑ ውስጥ፣ መንደር በሌለበት፣ የመንግሥት የደን አስተዳደር የሚጠብቃቸው ቁልፍም ክፍያም የሌለባቸው ጎጆዎች አሉ፤ አገሬው አውቲዮቱፓ ይላቸዋል። ውስጣቸው የሳንቃ መደብ፣ የብረት ምድጃና የእንግዳ መዝገብ አለ፤ ውጭ ማገዶ፣ መጋዝና መጥረቢያ። ልማዱ ወጪው ለመጪው ደረቅ ፍልጥና ስንጥር አዘጋጅቶ መሄድ ነው። ነገሩ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ጣቱ ደንዝዞ የገባ ሰው ክብሪት መጫር ራሱ ያቅተዋል፣ እንኳን እንጨት ሊፈልጥ። በመዝገቡ ላይ ስሙንና ወዴት እንደሚሄድ የሚጽፈውም የጠፋ እንደሆነ ፈላጊዎች ከዚያ እንዲነሡ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቦታው ሕግ ነው፤ ጎጆው ከሞላ ቅድሚያው በመጨረሻ ለደረሰው ነው። ቀድሞ የገባው ሞቋል፣ አርፏል፤ መውጣት ያለበት እሱ ነው። ወረፋ የለመደ ሁሉ ይህን ሲሰማ ግር ይለዋል፤ ሕጉ ግን የብርዱን አመክንዮ በትክክል ይከተላል።

ባዶ የሚመስለው ምድርም ባዶ አይደለም። መንገደኛው በበረዶው ላይ ሬንዲር ሲያይ የዱር እንስሳ ያየ ይመስለዋል፤ ጠጋ ብሎ ጆሮውን ቢያስተውል ግን በቢላ የተቀረጸ ምልክት ያገኛል። ምልክቱ የባለቤቱ ነው፤ በፊንላንድ ላፕላንድ ከብት እንደሚታወቅ ሁሉ የእያንዳንዱም ሬንዲር ጌታ ይታወቃል። በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ ምድሩ ከጥንት ጀምሮ የሳሚ ሕዝብ መኖሪያ ነው። በማያውቀው ሰው ደን ውስጥ ማንንም ሳያስፈቅድ መራመዱ፣ ለአንድ ሌሊት ድንኳን መትከሉ፣ እንጆሪ መልቀሙም የተፈጥሮ ስጦታ አይደለም፤ ባለመሬቱ እንዳይከለክል የሚያስገድድ የቆየ መብት ስላለ ነው። እሳት ማንደድ ግን የባለመሬቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ነጻነቱ በሌላው ሰው ጥቅም ልክ የተሰፋ ነው።

እንዲህ ከሆነ፣ ይል ይሆናል ተቃዋሚ፣ ማንም ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ የለበስነውን ካፖርት የሰፋው ሌላ ነውና። ቃሉ ሁሉን ከያዘ ምንም አልያዘም። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። የሚያነጋግረው ሰው የሌለው መሆን አንድ ነገር ነው፤ የሚደገፈው ሰው የሌለው መሆን ሌላ። የመጀመሪያው በላፕላንድ ደን ውስጥ በእርግጥ አለ፣ ቀኑን ሙሉም ሊቆይ ይችላል። እኔ የምክደው ሁለተኛውን ብቻ ነው። መንገደኛው ስሕተት ላይ የሚወድቀው የመጀመሪያውን ቀምሶ ሁለተኛውን ያገኘ ሲመስለው ነው። በመስታወት ጣሪያ ሥር ተኝተው የሰሜን ብርሃን የሚጠብቁበት ክፍል ተከራይቶ የሚያድረው ደግሞ ይበልጥ ይሳሳታል፤ ክፍያው ማሞቂያውን የሚጠብቁትንና መንገዱን ሲጠርጉ የሚያነጉትን ሰዎች ከዓይኑ ስለሚሰውርበት።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከእኛ አካባቢ የሚመጣው ነው። የመሸበት መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ በራፍ ቢያንኳኳ እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ የመጣበትን አገር ወሬ ይጠየቃል። ከዚህ ጋር ሲተያይ ፊት የሌለው ሰው የተወው ስንጥር ምን ፍቅር አለው? ፍቅር ነው አልልም። መተማመን ግን ነው፤ ምስጋናውን የማይሰማ፣ እንግዳውም ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የሚሠራው ሥራ ነውና ለታይታ ነው ተብሎ ሊጠረጠር አይችልም። እንግዳውም ስለ ዘሩና ስለ ዓላማው ሳይመረመር ይሞቃል። በእኛ በራፍ ላይ ይህ ምርመራ ሁልጊዜ የዋህ እንዳልነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ የስንጥሩ መተማመን ግን የሚሠራው ለመንገደኛ ነው። ፊንላንድ በዓለም የደስታ ዘገባ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ ቀዳሚ ስትሆን የኖረችው ሰዎች ሕይወታቸውን ከ0 እስከ 10 ባለው መሰላል ላይ ሲመዝኑ በሚሰጡት ነጥብ አማካይ ነው፤ ነጥቡ ማን ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ አይናገርም። በዚያ ለኑሮ የገባ ስደተኛ፣ ወይም ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበት የገጠር ሽማግሌ፣ ያንኑ ዝምታ የሚሰማው የመመለሻ ቲኬት ሳይኖረው ነው። መንገደኛው የመረጠውን እሱ አልመረጠውም፤ የሚያልቅበትንም ቀን አያውቅም። ስለዚህ መንገደኛው በሳምንት ጉዞው ያገኘውን እፎይታ አንሥቶ እነዚያ ሰዎች ዝምታን ይወዳሉ፣ ብቸኝነት አያስቸግራቸውም ብሎ ቢደመድም ማስረጃ የለውም፤ የተወለት ስንጥር ስለ መንገድ ላይ ሰው ይመሰክራል እንጂ በአንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ለዓመታት ስም ስለማይጠራሩ ጎረቤታሞች የሚለው ነገር የለም።