የሚያንጠባጥበው ሌላ፥ የተቀደደው ሌላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዱ ከሰንበት ትምህርት የራቀ ሊመስለው ይችላል። ጉዳዩ በቤታችንና በግቢያችን ሳይታይ ስለሚፈስ ውሃ፥ ይልቁንም የዚያን ፍሳሽ ምንጭ ፈልጎ ስለማግኘት ነው። ዳሩ ግን በቆቦና በራያ ቆላ ለምንኖር ሰዎች ውሃ ተራ ነገር አይደለም። ውሃን በከንቱ ማፍሰስም የጎረቤትን ድርሻ ማፍሰስ ስለሆነ፥ ነገሩ ሃይማኖትንም ምግባርንም ይመለከታል።

ሜዳችን በምዕራብ በደጋው ተራራ፥ በምሥራቅ በዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ ነው። ጎሊናና ሆርማትን የመሳሰሉት ወንዞች ክረምት ሲሆን ከደጋው ደፍርሰው ይወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን ብዙው ውሃቸው በአሸዋው ውስጥ ይሰምጣል። አባቶቻችን ጎርፉን በቦይ እየጠለፉ ማሽላና ጤፍ አብቅለውበታል። የሰመጠውንም ውሃ ዛሬ ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር ስበን እናወጣዋለን፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የተቆፈሩት የመስኖ ጉድጓዶች ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኃብ ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን የሰማን ልጆች ነንና፥ እግዚአብሔር በአሸዋ ሥር ያስቀመጠልንን ውሃ እንደ አደራ ልናየው ይገባል። እንግዲህ በስንት ድካም ከምድር ሥር የወጣ ውሃ በተሰነጠቀ ቧንቧ ተመልሶ ወደ ምድር ሲገባ ዝም ብሎ ማየት፥ አደራን መብላት አይደለምን?

ጥፋቱ በገጠር ከተሞች ብቻ የሚገኝ አይደለም። ስለ አዲስ አበባ በተለያየ ጊዜ የወጡ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፥ ከሚመረተው ውሃ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህሉ ሒሳብ ሳይከፈልበት ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የቆጣሪ ጉድለትና ያለ ፈቃድ የተቀጠለ መስመር ሲሆን፥ ብዙው ግን በስውር የሚፈስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ስውር ፍሳሽ እንዴት ይገኛል?

1ኛ/ አስቀድሞ ፍሳሽ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ማታ ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ የቧንቧ አፍ ሁሉ ይዘጋል፤ የቆጣሪው ቁጥር ይጻፋል፤ ሲነጋ ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና ይነበባል። ለምሳሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባሉት 7 ሰዓቶች ውስጥ 35 ሊትር አልፎ ቢገኝ፥ በሰዓት 5 ሊትር ጠፋ ማለት ነው። ይህ በቀን 120 ሊትር፥ በ30 ቀን 3,600 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንቆጥር 180 ጀሪካን ነው! አንዲት እናት በጀርባዋ ብታመላልሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅባት እናንተው አስሉት። በሰዓት 5 ሊትር ግን ዓይን የማይሞላ ቀጭን ፍሳሽ ነው። ወገኖቻችን እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ምርመራ ውሃ ባለበት ሌሊት ካልተደረገ ዋጋ የለውም። መስመሩ ባዶ ሲሆን ቀዳዳውም ዝም ይላልና። እኛም ፈተና ባልመጣበት ቀን ሁላችንም ትዕግሥተኞችና ታማኞች እንመስላለን፤ ስንጥቃችን የሚታወቀው ኃይል ሲመጣብን ነው።

2ኛ/ ፍሳሽ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ቦታውን ከፍሎ መፈለግ ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ወደ ቤት የሚገባው መዝጊያ ይዘጋል። ቆጣሪው መዞሩን ካቆመ ቀዳዳው ከመዝጊያው ወዲያ፥ በቤት ውስጥ ነው፤ መዞሩን ከቀጠለ ግን በቆጣሪውና በመዝጊያው መካከል፥ በተቀበረው መስመር ላይ ነው። በቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ የወጥ ቤቱን፥ የመታጠቢያውንና የመጸዳጃውን መስመር በየተራ እየዘጉ ማየት ነው። በመጸዳጃ ቤቱ የውሃ ሳጥን ውስጥ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነኩ መተው ይቻላል፤ ቀለሙ ወደ ታች ወርዶ ከታየ የሳጥኑ መክደኛ ጎማ አልገጠመም ማለት ነው።

ይህ አፈላለግ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እስራኤል በጋይ ፊት በተሸነፉና ሠላሳ ስድስት ያህል ሰዎች በወደቁ ጊዜ፥ ምክንያቱ በአንድ ድንኳን ውስጥ በመሬት የተቀበረ እርም ነበር። ኢያሱ ሕዝቡን በጅምላ አልፈረደበትም። በኢያሱ መጽሐፍ ምዕራፍ 7 እንደምናነበው፥ መጀመሪያ በነገድ፥ ቀጥሎ በወገን፥ ከዚያም በቤተ ሰብ፥ በመጨረሻም በሰው በሰው ተለይቶ አካን ተገኘ። ከብዙው ወደ ጥቂቱ፥ ከጥቂቱ ወደ አንዱ ማለት ነው። ንጹሑ ሁሉ በየደረጃው ነጻ ወጣ፤ የተሰወረውም ተገለጠ።

3ኛ/ በጸጥታ ማድመጥ ነው። ውሃ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲወጣ ድምፅ ያሰማል። ቧንቧው ብረት ከሆነ፥ ሌሊት የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ በቧንቧው ላይ፥ ሌላውን በጆሮ ላይ በማድረግ ፉጨቱን መስማት ይቻላል፤ ድምፁ እየጎላ ወደሚሄድበት መከተል ነው። ባለሙያዎች ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ አላቸው፤ ደግሞም በመስመሩ በሁለት ጫፍ መቀበያ አስቀምጠው ድምፁ ለየትኛው ቀድሞ እንደደረሰ በመለካት የቀዳዳውን ርቀት ያሰላሉ። የላስቲክ ቧንቧ ግን ድምፅን ሩቅ ስለማያደርስ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌሊት የሚመረጥበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ጫጫታ የለም፥ ተጠቃሚውም ጥቂት ስለሆነ የውሃው ግፊት ይበረታል። የራሱን ልብ ሊመረምር የሚወድ ክርስቲያንም ጸጥ ያለ ሰዓት ያስፈልገዋል። ከጫጫታ ውስጥ ሆኖ የሕሊናውን ድምፅ የሰማ ማን ነው?

4ኛ/ ምልክትን በአግባቡ መተርጎም ነው። በበጋ ሁሉ ደርቆ ሳለ ለብቻው የለመለመ ሣር፥ ንብና ጉንዳን የሚሰበሰቡበት እርጥብ ሥፍራ፥ ከግድግዳ ላይ እንደ ጨው የሚነጣ ዱቄት፥ እነዚህ ሁሉ ይናገራሉ። ነገር ግን ጥቁር አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ወደ ታች ገብቶ በላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ያው አፈር በዝናብ ጊዜ ሲያብጥ፥ በበጋ ሲኮማተር፥ የተቀበረውን ቧንቧ እየገፋና እየጎተተ ከመጋጠሚያው ያላቅቀዋል። የግድግዳ እርጥበትንም ጊዜው ይለየዋል። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ከጣራ ነው፤ ልብስ ሲታጠብ ብቻ ከሆነ ከፍሳሽ መውረጃው ነው፤ ክረምት ከበጋ የማያቋርጥ ከሆነ ከቧንቧው መጠርጠር ይገባል።

ይልቁንም ጣራ ሰውን ያታልላል። ውሃው በአንድ የሚስማር ቀዳዳ ይገባና በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ከሩቅ ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። የሚያንጠባጥበው ሌላ፥ የተቀደደው ሌላ ነው። ስለዚህ ከጠብታው በላይ፥ ወደ ጣራው ከፍታ አቅጣጫ መፈለግ ያስፈልጋል። በፀሐይ ጊዜ ከውስጥ ሆኖ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ ማየት፥ ወይም አንዱ በውጭ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ውሃ ሲያፈስ ሌላው በውስጥ ሆኖ መጠባበቅ ነው። በታችኛው ጠብታ ሥር ባልዲ እያስቀመጡ መኖር ጥገና አይደለም። ነቢዩ ኤልሳዕ የኢያሪኮ ውሃ መጥፎ በሆነ ጊዜ ጨው የጨመረው በየሰዉ እንስራ ውስጥ እንዳልነበረ እናስታውስ። ወደ ምንጩ ወጥቶ ምንጩን ፈወሰው።

ምንጩን ሳያገኙ መሸፈን ምን እንደሚያደርስ በዚሁ በሰሜን ወሎ ታላቅ ምሳሌ አለን። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዝናብ በስንጥቃቸው እየገባ ሲጎዳቸው፥ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ። በላይ ሲያዩት ያማረ ቢመስልም፥ ሽፋኑ እርጥበቱን በድንጋዩ ውስጥ አፍኖ ያዘው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጣሊያናዊው ባለሙያ በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ቅቡ እየተፋቀ እንዲነሣ ተደረገ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ ዝናቡን የሚከለክሉ ከለላዎች ተሠሩ። በፍቅር የተደረገ ሽፋን እንኳ እርጥበትን ካፈነ እንዲህ ከጎዳ፥ ኃጢአትን ለመሰወር የምንቀባው ቅብ እንዴት ያደርገን ይሆን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማችን ሦስትና አራት አባወራ በአንድ ግቢ፥ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ሒሳቡ ድንገት ከፍ ሲል ምን ይባላል? «የእገሊት ልብስ ማጠብ ነው፤ የእገሌ ከብት ማጠጣት ነው» ይባላል። አዲስ የገባው ተከራይ በክፉ ዓይን ይታያል፤ ልጆች አብረው እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ፤ ቡና መጠራራት ይቀራል። ቧንቧው ግን ከመሬት በታች ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ሌሊት ቆጣሪ ማንበብ የሚያጠፋውን ጠብ፥ አለማንበቡ ዓመት ያቆየዋል። ውሃው ጠፍቶ ሳያበቃ ፍቅርም ይጠፋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ለእናንተ መንገር አያሻም። ሳይመረምሩ ሰውን መክሰስ በሐሰት መመስከር መሆኑን ከአሥርቱ ትእዛዛት ተምረናል።

በራያ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሌዎች ደም የተቃቡ ወገኖችን ሲያስታርቁ የሚደክሙት ለምን ይመስላችኋል? ቂም እንደ ስውር ፍሳሽ ነውና። በአባት ዘመን የተሰነጠቀው በልጅ ዘመን፥ በገበያ ወይም በሠርግ ላይ ይንጠባጠባል። የዛሬውን ጠብ ብቻ አብርዶ መመለስ ባልዲ ማስቀመጥ ነው፤ እርቅ ግን የጠቡን መነሻ ፈልጎ መድፈን ነው።

የቀረው የራሳችን ቤት ነው። መዝሙረኛው ዳዊት ከተሰወረ በደሉ እንዲያነጻው አምላኩን ለምኗል፤ ስውሩን ብቻውን እንደማያገኘው ዐውቋልና። እኛም በቁጣችን፥ በሐሜታችን፥ ለጸሎት በመታከታችን የሚታየው ጠብታው ነው። ቀዳዳው ምናልባት ከዚያ በላይ፥ ይቅር ባላልነው ሰው ወይም ባልመለስነው ገንዘብ ዘንድ ይሆናል። ለንስሐ አባት ጠብታውን ብቻ ነግረን ቀዳዳውን አናስቀር።

እንግዲህ ይህን ያነበበ ወጣት ሁሉ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፥ ዓይኗ ለደከመ አንዲት አረጋዊት እናት ማታና ጠዋት ቆጣሪዋን ያንብብላት፤ ፍሳሽ ቢገኝም ቧንቧ ሠራተኛ ይጥራላት። ሁለተኛ፥ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል የራሱን ቆጣሪ ያንብብ። መጽሐፈ መክብብ በሰነፍ እጅ ቤት እንደሚያፈስ ይመክረናልና ለነገ አንበል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የሕይወት ውሃ ምንጭ የሆነ አምላካችን የተሰወረውን ገልጦ፥ የተሰነጠቀውን ጠግኖ፥ ለሀገራችን ዝናመ ምሕረቱን፥ ለልባችንም ሰላሙን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።