ስለ አረጋውያን ማኅበር፤ መግባት ይጠቅማልን?

ሰው ወደ ማኅበር በሚገባበት ጊዜ የሚሰጠውና የሚቀበለው ነገር አለ። ነገር ግን ሂሳቡን ሁልጊዜ የምንጀምረው ከምንቀበለው ወገን ስለ ሆነ፥ ማኅበሩ ምን ይሰጠኛል እንላለን እንጂ እኔስ ምን ሰጠሁ ብለን አንመረምርም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከአሜሪካ የመጣልኝ አንድ ደብዳቤ ነው።

ከእኔ ጋራ በአንድ ጉባኤ ቅኔ የተማረ ወዳጄ በዚያ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጧል። 50 ዓመት በሞላው ጊዜ፥ ኤ.ኤ.አር.ፒ. ከሚባለው ታላቅ የአረጋውያን ማኅበር አባል ሁን የሚል ወረቀት ደረሰው። እርሱም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፤ «ወንድሜ ሆይ፥ የዚህ ማኅበር መዋጮ በዓመት 20 ዶላር ያህል ነው፤ በሆቴልና በመነጽር ዋጋ ላይ ቅናሽ ያሰጣል፤ ስብሰባ የለበት፥ ቅጣት የለበት። እድራችን ግን በየወሩ ያስከፍለኛል፤ እሑዴን ይወስድብኛል፤ ከቀረሁም ይቀጣኛል። ያን ይዤ ይህን ብተወው ምን ትለኛለህ?»

ከመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባል። ይህን ማኅበር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 የመሠረቱት፥ በካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ ዶክተር ኤቴል ፐርሲ አንድሩስ የተባሉ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ አንዲት የቀድሞ አስተማሪ ማደሪያ አጥታ በዶሮ ቤት ውስጥ ስትኖር እንዳገኙና ልባቸው እንደ ተነካ ይነገራል። በ1947 አስቀድመው ጡረታ የወጡ አስተማሪዎችን በማኅበር ሰበሰቡ። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የሕክምና ዋስትና በ1965 ገና ሳይታወጅ፥ ሽማግሌን የሚቀበል የኢንሹራንስ ኩባንያ በጭንቅ የሚገኝ ስለ ነበረ፥ እኒህ ሴት ከብዙ ደጅ ከተመለሱ በኋላ ፈቃደኛ የሆነ አገኙ። የማኅበሩም መሪ ቃል ማገልገል እንጂ መገልገል አይደለም የሚል ሆነ፤ ቃሉ ከወዴት እንደ ተቀዳ አንባቢ ያውቀዋል።

ዛሬ የአባላቱ ቍጥር ወደ 38 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ጡረታ ያልወጣም ሰው ይገባበታል። ነገር ግን ማኅበሩ ከአባላቱ መዋጮ ይልቅ የሚበልጥ ገንዘብ የሚያገኘው፥ በስሙ ኢንሹራንስና ሌላም ዕቃ ከሚሸጡ ኩባንያዎች ነው፤ ይህም የስም ኪራይ ማለት ነው። እንግዲህ ወዳጄ የሚሰጠው 20 ዶላር ብቻ አይደለም፤ ስሙንም ይሰጣል። ነጋዴው ወደ ማኅበሩ ደጅ የሚመጣው የአባላቱን ብዛት አይቶ ነውና። ስለዚህ በማኅበሩ ስም የተሸጠ ሁሉ ከሌላው የረከሰ ነው ብሎ ሳይመረምር መግዛት አይገባም።

ይህ የስሞች ብዛት ግን ሌላም ሥራ አለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ማኅበሩ በሕግ አውጪዎች ፊት ስለ አረጋውያን ይሟገታል። በ2022 በወጣው ሕግ፥ መንግሥት በሜዲኬር ስለሚከፈልባቸው ስለ አንዳንድ መድኃኒቶች ዋጋ ከፋብሪካዎቹ ጋራ እንዲከራከር ተፈቀደ፤ የኢንሱሊንም ዋጋ ለሜዲኬር ሕመምተኛ በወር ከ35 ዶላር እንዳያልፍ ተወሰነ። ማኅበሩ ለዚህ ሕግ ብዙ ደክሟል። በዚህ ሕግ የተጠቀመው ግን መዋጮ የከፈለው ብቻ አይደለም፤ ያልከፈለውም እኩል ተጠቅሟል። ታዲያ ሌላው በተከራከረበት መጠቀም ቢቻል ለምን እከፍላለሁ የሚል ሰው፥ ሂሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ሁሉ እንደ እርሱ ቢያስብ ተከራካሪ አይገኝም ነበርና። ለመግባት የሚበቃ ምክንያት ቢኖር ከቅናሹ ይልቅ ይህ ነው።

ወደ እድሩ እንመለስ። አርስጣጣሊስ ወዳጅነትን በሦስት ከፍሎ፥ አንዱ ስለ ጥቅም፥ አንዱ ስለ ደስታ፥ አንዱም ስለ በጎነት ነው ብሏል። ስለ ጥቅም የሆነው ጥቅሙ ሲያልቅ ያልቃል። ወዳጄ እድሩን የከሰሰበት ነገር፥ እሑዱን መውሰዱና በመቅረቱ መቅጣቱ፥ ለእኔ የእድሩ ክብር ሆኖ ይታየኛል። መቅረቱን የሚቈጥር መኖሩን ያውቃልና ነው። በ38 ሚሊዮን መካከል አንድ ሰው ቢታመም ማን ጐደለ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ይህም የማኅበሩ በደል አይደለም፤ ለዚህ አልተመሠረተምና። ድንኳን የሚተክል፥ ልቅሶ የሚደርስ፥ በባዕድ አገር የሞተውን ሬሳ ወደ አገሩ ለመስደድ የሚያዋጣ ግን እድር ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ለራሳችን ብቻ አንፍረድ። ከእድሮቻችን ብዙዎቹ ሰው ሲሞት ይፈጥናሉ፥ በሕይወት ሳለ ግን ይዘገያሉ። የመድኃኒት መግዣ ያጣ ሽማግሌ በቤቱ ተኝቶ ሳለ የእድሩ ገንዘብ የቀብሩን ቀን እየጠበቀ በሣጥን ቢቀመጥ፥ ይህ እንዴት ማስተዋል ይባላል? እኒያ ሴት በዶሮ ቤት ያገኟት አስተማሪ በሕይወት ነበረች እንጂ ሬሳ አልነበረችም። ይህን ከእነርሱ ልንማር ይገባናል።

ለወዳጄም የመለስሁለት ይህ ነው፤ «ቅናሹን ብቻ ብለህ ከሆነ፥ በዓመት የምትገዛውን ቍጠርና ከ20 ዶላሩ ጋራ አመዛዝነው፤ ይህ የገበያ ነገር ነውና የእኔን ምክር አይሻም። ስለ አረጋውያን በሚደረገው ክርክር ስምህ ይቈጠር ዘንድ ከሆነ ግን ግባ፤ መልካም አድርገሃል። እድርህን ግን አትተው። በሚመጣው እሑድም ስትሄድ፥ በመካከላችሁ የታመመ ሽማግሌ እንዳለ አስቀድመህ ጠይቅ።»