የማሳው ዕዳ በማን ላይ ነው?

ወንድሞች ሆይ! ነጋዴ ዋናውን ገንዘብ ከትርፉ ለይቶ ያውቃል፤ ዋናውን እየሸረፈ የሚበላ ሰው፥ ሱቁ ለጊዜው የሞላ ቢመስልም፥ እየከሰረ መሆኑን ማንም አይስተውም። በእርሻ ግን ይህ ልዩነት ተዘንግቷል። ስለዚህ ከየማሳው ተነሥቶ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደውን የእህሉን፥ የአገዳውንና የኩበቱን ሒሳብ እንመርምር።

ዕወቁ፤ በማሽላ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን የተቀበለው ኀይል ነው። ይህ ኀይል መመለሻ የለውም፤ በሬ አገዳውን ቢበላ፥ ሥጋ ሆኖ የሚቀረው ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከቀረው ከፊሉ በእበት ይወጣል፥ ከፊሉም ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ነገር ግን ፀሐይ ነገም ትወጣለችና ይህ የየዕለት ትርፍ ነው። ሁለተኛው ሥሩ ከዐፈር የሳበው ምግብ፥ ይኸውም ናይትሮጅን፥ ፎስፈረስና የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ በየማለዳው አዲስ ሆነው አይመጡም፤ ከዐፈር ወደ ተክል፥ ከተክል ወደ እንስሳ፥ ከእንስሳም በፍግ ወደ ዐፈር እየዞሩ ይኖራሉ። ናይትሮጅንን ሽምብራና ማሾ በሥራቸው ባሉ ረቂቃን ሕያዋን አማካይነት ከአየር ያመጡታል፤ ፎስፈረስ ግን ከአየር አይገኝም። እንግዲህ ዋናው ገንዘብ ይህ ነው።

ኩበት በምድጃ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋራ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ በአመዱ ይቀራል፥ አመዱም ይጣላል። የማሳው ረኃብ ምስክሩ አቀንጭራ ነው። የማሽላ ሥር ፎስፈረስ ሲያጣ፥ ረዳት የሚሆኑትን ፈንገሶች የሚጠራበት አንድ ረቂቅ ንጥረ ነገር ወደ ዐፈር ያፈስሳል፤ ለብዙ ዓመት ተኝቶ የቆየው የአቀንጭራ ዘርም ያን ጥሪ ሰምቶ ይነቃል፥ በሥሩም ተጣብቆ ይመጠዋል። በሀብሩ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥቷል፤ መልካም ሥራ ነው፤ ዘር ብቻውን ግን የተሟጠጠ ዐፈርን አይሞላም። በፍግ የወፈረ ዐፈር ደግሞ ጥቂቱንም ዝናም ይዞ ያቆያል፤ የ1966ና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ላየች ወሎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠያቂ፦ «ዋጋውን ከፍዬ፥ ሚዛኔን ሳላጎድል ገዝቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ምን ዕዳ አለብኝ?» ቢል፥ እንዲህ እንለዋለን፦ ከሻጩ ጋራ ያለህ ሒሳብ ተዘግቷል። ነገር ግን ማሳው በሻጩ እጅ ያለ አማና ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚያርሱት ልጆች ድርሻ አላቸው፥ እነርሱም ዋጋው ሲቆረጥ በገበያው አልነበሩም።

ኩበት የምትሸጠውን ድኻ እናት ለመውቀስ ግን አንቸኩል። እንጨት በጠፋበት አገር፥ ልጆቿ ሳይበሉ፥ እበቱን ለማሳ አቆዪ ማለት ለጠገበ ሰው ይቀልለዋል። የሚከብደው ድርሻ ሌላ ማገዶ ለመግዛት አቅም እያለው ኩበት በሚያነድደው ላይ ነው። ይህም ሰው የሚከፍልበት መንገድ ሩቅ አይደለም፤ የከብት ተራው ፍግ ከገበያው ማግስት ተጠርጎ ይሰብሰብ፥ የምድጃው አመድም ይጠራቀም፤ እህል ጭኖ የመጣው አህያ ባዶውን ከሚመለስ እርሱን ተጭኖ ወደ ማሳው ይሂድ።