ዮሴፍ እስኪነጋ አልጠበቀም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ያለነው በወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንንና የልጇን ስደት ታስባለች። ሀገር ቤት ሳለን ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ ዜና እንሰማው ነበር። ዛሬ ግን በሌሊት ተነሥቶ ወደማያውቁት ሀገር መሄድ ምን እንደሆነ እኛው ራሳችን እናውቀዋለን።

ማቴዎስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 እንደጻፈልን፣ መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም ተገልጦ ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል እንዳሰበ ነገረው፤ ሕፃኑንና እናቱንም ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ አዘዘው። ዮሴፍ እስኪነጋ አልጠበቀም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በዚያች ሌሊት ቤተ ልሔም ሰላም ነበረች። ወታደር ደጅ አልቆመም፤ ሕፃኑም አልታመመም፣ አልቆሰለም። ዮሴፍ ክፉው ነገር ገና ሳይደርስ ነው የተነሣው። «ልጁ አምላክ አይደለም ወይ፤ ሄሮድስ ምን ያደርገዋል?» ብሎ ተመልሶ አልተኛም። እምነቱ አስነሣው እንጂ አላስተኛውም።

ይህን ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአጥቢያችን የሆነውን፣ ወላጆቹ ፈቅደውልን፣ ስም ሳንጠራ እንንገራችሁ።

አንዲት እኅታችን ነፍሰ ጡር ሳለች ከቅዳሴ በኋላ ቀርባ፣ «አባቶቼ፣ ልጁ እንደተወለደ መርፌ ይወጋል ይሉኛል። በስልክ የማየው ደግሞ ሌላ ነው። ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ለሌላ ጉዳይ እየተቻኮልን ነበርና፣ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ብቻ ጸልዪ» ብለናት አለፍን። እርስዋም ዝምታችንን እንደ መልስ ወሰደችው። ልጁ ሲወለድ እርስዋና ባለቤቷ መርፌውን አንፈልግም ብለው፣ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ ፈርመው ወጡ።

ሕፃኑ አማረበት፣ ጡት ጠባ፣ ወዛ። ለክርስትናው ሰባት ቀን ሲቀረው ግን ጡት እምቢ አለ፤ ፊቱ ነጣ፤ ከአፍንጫው ደም ፈሰሰ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ደሙ በጭንቅላቱ ውስጥም እየፈሰሰ ነበር። አባትየው በእኩለ ሌሊት ደውሎ፣ «ልጄ ሳይጠመቅ እንዳይሄድብኝ» ብሎ አለቀሰ። ለታመመ ሕፃን አርባ ቀን አይጠበቅምና ካህኑ ሄደው እዚያው ሐኪም ቤት አጠመቁት። በእግዚአብሔር ቸርነት ሕፃኑ ተረፈ። ግራ እጁ ግን እስከ ዛሬ እንደ ቀኙ አይታዘዝለትም።

ይህን የምንነግራችሁ ወላጆቹን ለመክሰስ አይደለም። እናትየው ጠይቃን ነበር። መልስ ያልሰጠነው እኛ ነን። ዛሬ የምንጽፈው ያን ቀን ልንመልስላት የሚገባንን ነው።

ያ መርፌ ክትባት አይደለም፤ ቫይታሚን ኬ የሚባል ነው። ደም እንዲረጋ ይህ ቫይታሚን ያስፈልጋል። ሕፃን ግን ሲወለድ በሰውነቱ ያለው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእናቱ በማኅፀን ብዙ አይተላለፍለትም። የእናት ጡት ወተት ከምግብ ሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም በዚህ ቫይታሚን በኩል ትንሽ ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሚመስል ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አለዚያም ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ድንገት ሊደማ ይችላል። ይህ በብዙ ሕፃናት ላይ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ በጭንቅላት ውስጥ ነው። በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ጭኑ ላይ የሚሰጠው አንድ መርፌ ይህን ይከላከላል።

ሁለተኛው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። ይህ የጉበት በሽታ እናት ምንም ሳይሰማት በደሟ ውስጥ ሊኖር፣ በወሊድ ጊዜም ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል። አዋቂ ሰው ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ይለቀዋል። በወሊድ የተያዙ ሕፃናት ግን ከ10ሩ 9ኙ ያህል በሽታውን ይዘው ይቀራሉ፤ ካደጉ በኋላም ጉበታቸውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ክንድ ላይ ጠባሳ የሚተወው ቢሲጂ ነው፤ ሕፃናትን ከከባድ የሳንባ ነቀርሳና እርሱ ከሚያመጣው የማጅራት ገትር ይጠብቃል። ብዙዎቻችን ይህን ጠባሳ በክንዳችን ይዘን ነው የተሰደድነው። የእናቶቻችንና የአያቶቻችን ክንድ ላይ ያለው ሰፊ ጠባሳ ደግሞ የፈንጣጣ ነው። ሀገራችን ፈንጣጣ በመጨረሻ ከለቀቃቸው አገሮች አንዷ ነበረች። በ1980 እ.ኤ.አ. ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። በየመንደሩ ፊትን ያበላሸ፣ ዓይንን ያጠፋ በሽታ ዛሬ ልጆቻችን ስሙን እንኳ አያውቁትም።

«እኛ በእምነት ነው የምንኖረው፤ ጠበል ይበቃናል» የሚል ወንድም አለ። እውነት ነው፣ ጠበል ያድናል፤ እኛም ምስክሮች ነን። ነገር ግን ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ መላእክት ይይዙሃልና ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ ጌታ እሺ አላለውም፤ ያ እግዚአብሔርን መፈተን ነውና። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። ወንጌልን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበረ። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክናም፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበልንና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ አባቶች መክረዋል። ጠበሉም መድኃኒቱም የአንድ አምላክ ስጦታ ናቸው።

«ክርስትና ሳይነሣ መርፌ አይነካውም» የምትል እናት አለች። እኅታችን ሆይ፣ እንዲህ የሚል ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን የለም። ወንድ ልጃችንን በስምንተኛው ቀን እናስገርዝ የለም ወይ? ምላጭ ያልከለከልነውን ሕፃን ስለምን መርፌ እንከለክለዋለን? ይልቁንም ቫይታሚን ኬ ያልወሰደ ሕፃን ሲገረዝ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመገረዙ በፊት መውሰዱን ጠይቁ።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም ፍርሃት ነው። ይህን አንንቀውም። ብዙዎቻችን የዚህን ሀገር ሐኪም ቤት ያወቅነው ስንታከም አይደለም። ገና ከአውሮፕላን ወርደን ደማችን ሲቀዳ፣ ሳንባችን ሲነሣ፣ «በሽታ ከተገኘባት ትመለሳለች» ሲባል ነው የምናውቀው። በቋንቋችን ያስረዳን ሰው አልነበረም። ወረቀት የሌላት እኅት ደግሞ ነጭ ጋውን ባየች ቁጥር ፖሊስ ይታያታል። ስለዚህ አንድ የማናውቀው ሰው በስልክ፣ «ልጆቻችሁን ሊያመክኑ ነው፤ የአውሬው ምልክት ነው» ሲል የምንሰማው ሞኝ ስለሆንን አይደለም፤ ስለ ቆሰልን ነው። ነገር ግን የእኛ ቁስል በልጃችን ላይ ሌላ ቁስል እንዳይጨምር እንጠንቀቅ። ለጉልበታችን ሲሉ መርምረውን ይሆናል፤ ይህ መርፌ ግን ለሕፃኑ ነው። በዚያው ክፍል የአገሬው እናት ልጅም ይኸንኑ ይወጋል።

በ2024 እ.ኤ.አ. በጋዛ አንድ የ10 ወር ሕፃን በፖሊዮ እግሩ ሽባ ሆነ። በዚያ ፖሊዮ ከታየ 25 ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያም በጦርነቱ መካከል ጥቂት ሰዓት ፋታ ሲገኝ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በፍርስራሽ መካከል ወጡ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕፃናትም ጠብታውን ወሰዱ። እነዚያ እናቶች ከእኛ የበለጠ የሚፈሩት ነገር ነበራቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ጥያቄያችሁን ከመውለዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ቤት የወለዳችሁ ወይም መርፌውን እምቢ ብላችሁ የወጣችሁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጠይቁ፤ አፍራችሁ አትቅሩ። ሕፃኑ ከእትብቱ ወይም ከአፍንጫው ከደማ፣ ሰውነቱ ያለ ምክንያት ከበለዘ፣ ጡት እምቢ ብሎ ከፈዘዘ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ተነሡ። ልጃችሁን ወደ ሀገር ቤት ለአያቱ የምትልኩ፣ የክትባት ካርዱን ከልብሱ ጋር አብራችሁ ላኩ። በሊባኖስ ያላችሁ፣ መደበኛ ክትባት በመንግሥት የጤና ማዕከላት ለውጭ ዜጎች ልጆችም በነፃ እንደሚሰጥ እወቁ። ቋንቋ የቸገራችሁ ወይም ብቻችሁን መሄድ የፈራችሁ ንገሩን። ቋንቋ የሚችሉ እኅቶች አሉን፤ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። ከእንግዲህ «ጸልዪ» ብለን አናልፍም፤ ጸልየን አብረን እንሄዳለን።

ሕፃኑን ይዞ የተሰደደ ዮሴፍን የመራ አምላክ፣ በእቅፋችን ያሉትን ልጆች ይጠብቅልን። የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። በክርስትናቸው ቀን በጤና አቅፈን ለመሳም ያብቃን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር።