ሰንበትና ባቡር

በእስራኤል ባቡር ዓርብ ከሰዓት ይቆማል፤ ቅዳሜ ማታ ይነሳል። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ የሐዲድ ጥገና በሰንበት እንዳይሠራ ተከለከለና ሥራው ወደ ቅዳሜ ማታ ተገፋ፤ ወደ ጦር ሰፈር የሚመለሱ ወታደሮች ሳይቀሩ ተንገላቱ። የአንዱ ዕረፍት የሌላው እንግልት ሲሆን ሰንበት ለማን ናት?

ጥያቄው ለትግራይ ባዕድ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የትግራይ ተወላጁ አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር ብለው ተከራከሩ፤ ተሰደዱም። በ1450 እ.ኤ.አ. የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱንም ሰንበቶች ተቀበለ።

ወደ መቐለ የታሰበው ባቡር ገና አልደረሰም። የከተማዋ የዓይደር ሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግን ሰንበት ብሎ አይዘጋም፤ እናት ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትገባለች። ክርስቶስም በሰንበት ፈውሷል። ሐዲዱ ሲደርስ ባቡሩ እሑድም ይሂድ፤ ከደቡብ ትግራይ የሚመጣ አስታማሚ እስከ ሰኞ አይጠብቅ።