በሌላ ሰው አፍ የተዘፈነ «እኔ»

ውሃ ይወርዳል፤ ፏፏቴ ነው። ከውሃው ድምፅ ሥር አንድ ሰው ያልተቃኘ ጊታር ይነካካል። ክሮቹ አይስማሙም። አንዱ ጠበቅ ይደረጋል፣ ሌላው ላላ ይላል፣ ቀስ በቀስ ድምፅ ከድምፅ ይገጥማል፤ ጣቶቹ ዜማ እስኪያገኙ እኛም አብረነው እንጠብቃለን። የካናዳው የሮክ ባንድ ረሽ በ1976 ባወጣው «2112» በተባለ አልበም ውስጥ ያለች ቁራጭ ናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የባንዱ ጊታር ተጫዋች አሌክስ ላይፍሰን በሺህ መድረክ የተፈተነ እጁን አስረስቶ፣ ጊታር አይቶ የማያውቅ ሰው ሆኖ የሚጫወትባት ናት።

የአልበሙ የርእስ ሥራ የሸክላውን አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ይይዛል፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ወደፊት በሚመጣ ዘመን ዓለምን የቤተ መቅደስ ካህናት ይገዛሉ። ምን እንደሚነበብ፣ ምን እንደሚዘፈን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንድ ወጣት ከፏፏቴ ጀርባ ካለ ዋሻ ውስጥ የጥንት ጊታር ያገኛል፤ ራሱን አስተምሮ ደስታውን ሊያካፍል ወደ ካህናቱ ይሄዳል። እነሱ ግን የማይረባ ነገር ነው ብለው ይሰባብሩበታል። ወጣቱም ተስፋ ቆርጦ ሕይወቱን ያጠፋል።

ታሪኩ ከየት እንደመጣ ባንዱ አልደበቀም፤ በሸክላው ልባስ ላይ ለደራሲዋ ለአየን ራንድ ምስጋና ጽፏል። ራንድ በ1905 ሴንት ፒተርስበርግ ተወለደች። የአባቷን ፋርማሲ ቦልሼቪኮች ሲወርሱት በልጅነቷ አይታለች፤ በ1926 አሜሪካ ገባች። በ1938 እንግሊዝ አገር ያሳተመችው አጭር ልብ ወለድ «አንተም» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ መዝሙር ማለት ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ሌላ ትርጉም ይዞ ቁጭ ይላል፤ ስለ «እኔ» የተጻፈ መጽሐፍ አማርኛ ሲገባ አንባቢውን «አንተም» ብሎ መጥራቱ አንዳንዴ ያስቀኛል።

በዚያ መጽሐፍ ዓለም «እኔ» የሚለው ቃል ጠፍቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ ራሱ ሲናገር እንኳ «እኛ» ይላል። የኤሌክትሪክ መብራት እንደገና ፈልስፎ ለሊቃውንቱ ጉባኤ ቢያቀርብ አይቀበሉትም። ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የሚገጥመውን ችግር አስባለሁ። በእንግሊዝኛ «እኔ» ለብቻው የቆመ ቃል ስለሆነ ነቅሎ መጣል ይቻላል። በአማርኛ ግን «እኔ» ከግሱ ጋር ተሰፍቷል፤ «ሄድኩ» ያለ ሰው «እኔ» ሳይል ራሱን ተናግሯል። ለብቻው የምናወጣው አጽንኦት ስንፈልግ፣ ወይም ስንጣላ ነው። ተርጓሚው እያንዳንዱን ግስ እየያዘ ጭራውን መቁረጥ ይኖርበታል፤ አየን፣ ፈራን፣ ወደድን። ራንድ የተጣላችው ከአንድ ቃል ጋር ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ቢሆን ከሰዋስው ጋር በሙሉ መጣላት ነበረባት።

መጽሐፉን ወደ ዘፈን ያመጣው የረሽ ድራመርና ግጥም ጸሐፊ ኒል ፒርት ነው። በ18 ዓመቱ ሙዚቀኛ ለመሆን ለንደን ሄዶ አልሆነለትም፤ አገሩ ተመልሶ አባቱ የእርሻ መሣሪያ በሚሸጥበት ድርጅት ሲሠራ ቆየና በ1974 ባንዱን ተቀላቀለ። በ1975 የወጣው ሦስተኛው አልበማቸው ገበያ አጣ። በየከተማው አዳራሹ እየሳሳ ሲሄድ ጉዟቸውን ራሳቸው «የቁልቁለት ጉዞ» በሚል ዓይነት ስም ያፌዙበት ጀመር። የሸክላ ኩባንያው አጠር ያለ፣ ሬዲዮ የሚያጫውተው ዘፈን ፈለገ። እነሱ ደግሞ፣ መውደቅ ካልቀረ የራሳችንን ሠርተን እንውደቅ ብለው የ20 ደቂቃውን ሥራ ይዘው ቀረቡ። አልበሙ በአሜሪካ ብቻ 3 ሚሊዮን ቅጂ ለመሸጥ በቃ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የራንድን አባት ፋርማሲ የወረሰው መንግሥት ነበር። የፒርት ካህናት ግን፣ ከጀርባቸው ያለውን ሁኔታ ካየን፣ ነጋዴዎች ናቸው። የግለሰብን ነጻነትና የገበያን ፈቃድ ከሁሉ የሚያስቀድመው የሊበርታሪያን አስተሳሰብ (ራንድ ራሷ ሊበርታሪያን መባልን አጥብቃ ትጠላ ነበር) ኩባንያው ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ የሚሸጥለትን የመምረጥ መብት አለው ይላል። በዚያ ሚዛን ካህናቱ አላጠፉም። ሙግቱ እንዲህ ቢቀርብ አድማጩ ግራ ይጋባል፤ ዘፈኑ ግን ሙግቱን ሳይሆን ቁጣውን ነው የወሰደው። «አትንኩኝ» በዜማ ይባላል፤ «ታዲያ ለጎረቤቴ ምን ዕዳ አለብኝ?» የሚለው ግን ለጊታር አይመችም።

ፒርት ሙግቱን ራሱን የሞከረበትም ዘፈን አለ። በ1978 የወጣው ስለ ዛፎች ነው፤ ሜፕሎቹ ረጃጅሞቹ ኦኮች ብርሃን ከለከሉን ብለው ያምፃሉ፣ በመጨረሻ ሕግ ወጥቶ ዛፎቹ ሁሉ በመጥረቢያና በመጋዝ እኩል ይደረጋሉ። አድማጩ ሁሉ ፖለቲካ አነበበበት፤ ጸሐፊው ግን መነሻዬ የካርቱን ሥዕል ነው ብሎ አቃለለው። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ።

ወደ «2112» ልመለስ፤ ከሁሉ የሚገርመኝ እዚያ ያለ አንድ ነገር ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹና ድምፃዊው ጌዲ ሊ ወጣቱን ሲሆን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ካህናቱን ሲሆን ይጮኻል፣ ከበሮውም ጊታሩም አብረው ይከብዳሉ። በኋለኞቹ ዓመታት ባንዱ ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ የሚጫወተው መግቢያውንና የካህናቱን ክፍል ነበር። ሕዝቡ ቡጢውን ወደ ላይ እየወረወረ በአንድ ድምፅ የሚዘፍነው ያንን ነው፤ የጨቋኞቹን መዝሙር። ስለ ብቸኛው ሰው የተጻፈ ሥራ በሺህ የሚቆጠር «እኛ» ፈጠረ፤ ዋሻው፣ ውሃው፣ የሚቃኘው ጊታር ቤት ለሚያዳምጥ ሰው ቀረ። ጥፋት ነው ለማለት አልደፍርም። ጥሩ ዘፋኝ ለክፉ ገጸ ባሕርይ ክፉ ዜማ አይሰጠውም።

በ1978 «ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ» የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጣ ባንዱን ቃለ መጠይቅ አድርጎ፣ ከራንድ አስተሳሰብ ተነሥቶ ከፋሺስት ጋር የሚያነካካ ጽሑፍ አወጣ። የጌዲ ሊ እናትና አባት ከአውሽቪትስ የተረፉ የፖላንድ አይሁዶች ነበሩ። ባንዱን በዚያ ስም መጥራት ምን ያህል እንደሚያቆስል ለማወቅ የፍልስፍና መጽሐፍ መክፈት አያስፈልግም።

ደግሞስ የዘፈኑን «እኔ» ማን አለው? ፒርት ጻፈው፤ አፉን ከፍቶ የዘፈነው ግን ሊ ነው፣ ዜማውን የሠሩት ሊና ላይፍሰን ናቸው። ድራመሩ ቃሉን ለጓደኛው አስረክቦ ከከበሮው ጀርባ ይቀመጥ ነበር። ጓደኛውም የሌላ ሰው «እኔ» በራሱ ጉሮሮ 40 ዓመት ያህል ተሸክሟል።

ዕድሜ ሲጨምር ፒርት ከራንድ ራቀ። በ2012 ለ«ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት ራሱን ርኅሩኅ ልብ ያለው ሊበርታሪያን ብሎ ገለጸ፤ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን መቀመጣቸው ራንድን ያስቆጣት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 የኬንታኪው ፖለቲከኛ ራንድ ፖል የባንዱን ዘፈኖች ለምርጫ ዘመቻ ሲጠቀምባቸው የባንዱ ጠበቃ እንዲያቆም ጽፎለታል። ከዚያም በፊት ፒርት ላይ የደረሰ ሐዘን አለ፤ በ1997 አንዲት ልጁን በመኪና አደጋ፣ በዓመቱ ባለቤቱን በካንሰር አጣ። ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ 88,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ነዳ። ያን ጊዜ ባንዱ ጠበቀው፤ ሌላ ድራመር አልቀጠረም።

ፒርት ትርኢት ሲያልቅ ወደ መድረኩ ፊት መጥቶ እጅ የመንሳት ልማድ አልነበረውም፤ ዱላዎቹን አስቀምጦ በጀርባ በር ይወጣ ነበር። ኦገስት 1 ቀን 2015 ሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ለእሱ የመጨረሻ በሆነው ምሽት፣ ከከበሮው ጀርባ ወጣ፣ መድረኩን ተሻግሮ ወደ ፊት መጣ፣ ሁለቱን ጓደኞቹን ትከሻቸው ላይ አቀፋቸው።