የሰው ቃል እጃችን ሲገባ



ሸዋ ሮቢት ከዘመድ ቤት ሰንብቼ ልመለስ በተነሣሁበት ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂዱ በር ላይ ያዘኝ። ስልክና ኮምፒዩተር እየጠገነ እናቱን የሚጦር ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «ለአካባቢያችን ልጆች ኢንተርኔት ላይ ትንሽ ቤት ልከፍት ነው። ሰዎች እየገቡ ይጽፉበታል። ክፉ ነገር ቢጽፉ ወንጀሉ የጻፈው ብቻ ነው ወይስ እኔንም ይነካኛል?»

እውነቱን ለመናገር ወዲያው የምመልስለት አልነበረኝም። ፈትዋ የሚሰጡ ዑለማዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ አይደለሁም። ጥያቄው ግን አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ቤታችሁ ውስጥ ስልክ የያዘ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይመለከታችኋልና ያሰብኩትን ላካፍላችሁ።

አስቀድመን ልጁ «ቤት» ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ። ዛሬ ኤክስ የሚባለው ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር ሰው አጭር መልእክት ጽፎ ለዓለም የሚያሳይበት አንድ ሰፊ አደባባይ ሆነ፤ የአደባባዩ ባለቤት ግን አንድ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦይገን ሮሕኮ የተባለ ጀርመን አገር የሚኖር ወጣት ማስቶዶን የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ በነጻ ለቀቀው። ይህን ፕሮግራም ማንም ሰው ወስዶ፣ በወር ጥቂት ዶላር ከፍሎ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሊትና ቀን የማይጠፋ ኮምፒዩተር ተከራይቶ፣ በራሱ ስም የራሱን አደባባይ መክፈት ይችላል። (ዶላሩን ከየት ያመጣዋል? የልጁ የአክስት ልጅ ውጭ አገር ነው፤ እሱ ይከፍልለታል። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።)

የሚገርመው የተለያዩ ሰዎች የከፈቷቸው አደባባዮች እርስ በርስ መነጋገራቸው ነው። የይፋት ሰው ይህ አይከብደውም። ሰንበቴ እሑድ ይገበያል፣ ባቲ ሰኞ ይገበያል። የአንዱ ገበያ ደንብ ሌላው ላይ አይሠራም፤ ነገር ግን የአፋሩ ግመልም የአርጎባው ሸማም ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ይሄዳል። መንገዱን የሚጠብቀው አንድ ጌታ የለም። ከዚህም በላይ፣ ልጁ ሊከፍት ባሰበው ቤት የሚጻፈውን ለማንበብ መመዝገብም መክፈልም አያስፈልግም፤ በሩ ለአላፊ አግዳሚው ክፍት ነው።

«ፌስቡክ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ። ልጁ የመለሰልኝ በፊደል ነበር። ትዊተር የመልእክቱን ልክ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ140 ወደ 280 ሲያሳድግ፣ የላቲን ፊደል አንዱ እንደ አንድ፣ የእኛ ፊደል ግን አንዱ እንደ ሁለት እንዲቆጠር ተደረገ። ስለዚህ በነጻ የሚጠቀም እንግሊዝ 280 ሲጽፍ አማርኛ ጸሐፊ በ140 ይቆማል። ክፋት አስበው ነው አልልም፤ ቻይንኛና ጃፓንኛ በጥቂት ምልክት ብዙ ስለሚናገሩ የተበጀ ስፍር ነው፣ እኛም አብረን ገባንበት። ማንም አልጠየቀንም። በሰው ቤት የተቀመጠ ሰው እንጀራው የሚቆረሰው በባለቤቱ ልክ ነው።

ባለቤቱ ሲፈልግ ቤቱን ይዘጋዋል። ጉግል ፕላስ የሚባለውን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ሲዘጋው የሰዎች ጽሑፍና ፎቶ አብሮ ተሰረዘ። ሲፈልግ ደግሞ ይሸጠዋል፤ ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ለኢሎን መስክ ሲሸጥ ጸሐፊዎቹ ነገሩን የሰሙት በዜና ነው።

ይህ ሁሉ የገንዘብና የምቾት ነገር ነው ልንል እንችላለን። ቀጥሎ ያለው ግን የነፍስ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ በፌስቡክ ላይ ስማቸውን እየጠሩ የሚያስፈራሩ ጽሑፎች ከወጡባቸው በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከሌሎች ጋር ሆኖ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ቢያመለክትም ምላሽ ያገኘው አባቱ ከሞቱ በኋላ መሆኑን በክሱ ይናገራል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ልብ በሉ፣ የክሱ ጥያቄ የእኛ ልጅ መስጂድ በር ላይ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ያኛው የተጠየቀው በቢሊዮን የሚቆጠር ደንበኛ ያለውን ኩባንያ ነው፤ ይኼኛው ራሱን ጠየቀ። ቤቱን ገና ሳይከፍት መጠየቁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለመሆኑ አለመክፈቱ አይሻልም? እኔ አይሻልም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከዚያው ከይፋት ነው። ዑመር ወላስማ እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት አስወግዶ ግዛቱን በይፋት ሥር እንዳደረገ እናነባለን። ከእርሱ በፊት ስለነበሩት የመኽዙሚ ነገሥታት የምናውቀው አብዛኛው ግን ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1941 ካሳተመው አንድ አጭር የዓረብኛ ጽሑፍ የተገኘ ነው። ያ ጽሑፍ ባይተርፍ ኖሮ የነገሥታቱ ስም እንኳ አይደርሰንም ነበር። ስንት ኪታብ ተጽፎ ይሆን ምስጥና እሳት የበላው? የተረፈው አንድ ሰው ስለገለበጠው፣ ሌላው ስላስቀመጠው ነው። የቆላው ልጅ የራሱን ቃል ራሱ ያስቀምጥ ቢል፣ ማንም እንዲያነበውና እንዲገለብጠውም በክፍት ቦታ ቢያኖረው፣ አያቶቹ በብርዕ የጀመሩትን ነው የሚቀጥለው።

ቃል ማስቀመጥ ግን አማና መቀበል ነው። እዚህ ላይ ልጁ ራሱ ያላሰበው ነገር ገጠመን። በማስቶዶን ሁለት ሰዎች ለብቻቸው የሚላላኩት መልእክት ለሌላው አይታይም፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰው ግን ቢፈልግ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ሊያነበው ይችላል። የጎረቤት ልጅ ለእጮኛዋ የጻፈችው፣ ነጋዴው ስለ ዕዳው ለወንድሙ የላከው፣ ሁሉም በዚህ ጥገና ቤት ልጅ እጅ ይገባል ማለት ነው። ፌስቡክ ቢያነበው ቢያንስ አያውቀንም። እሱ ግን ያውቀናል፤ ነገ ሠርግ ላይ እንገናኛለን። ይህን ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔ ብሆን ለሚመዘገብ ሁሉ አስቀድሜ «ልከፍተው እችላለሁ፣ አልከፍትም» ብዬ እነግረው ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ሸሽጎ ሁለተኛውን ብቻ መማል ማታለል ነው።

አሁን ወደ ክፉው ቃል እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ እሳቱም እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የነበረውን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ በእነዚያ ቀናት «እነ እገሌ መጡ» የሚል አንድ መስመር ስልክ ላይ ማንበብ ምን እንደሚያስነሣ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘዘን፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ በመዲና የተነዛው ሐሰት አንድ ወር ያህል የቆየው፣ የፈጠሩት ጥቂት ሆነው ሳለ ያቀባበሉት ስለበዙ ነበር፤ ያቀባበሉትም ተወቅሰዋል። ያኔ በምላስ ነበር። በማስቶዶን ዓይነት ቤት ግን አንድ መስመር ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ወደ ሌሎች መቶ ቤቶች ተገልብጦ ያድራል። ጠዋት ከራሱ ቤት ቢያጠፋው ከሌሎቹ ለመጥፋቱ ዋስትና የለውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የአገራችን ሕግ ስለዚህ የሚለው አለው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነሣ ይጠይቃል። የሕጉ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ጥቆማው ሲደርስ ነው። የኅሊና ሰዓት ግን የሚጀምረው ዓይን ያየ ጊዜ ነው፤ በአጣዬ ቀናት ደግሞ 24 ሰዓት ዕድሜ ልክ ነበር።

ለልጁ በስልክ የነገርኩት የውሃ አባትን ነገር ነው። በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የውሃ አባት ምን እንደሆነ አይነገረውም። የውሃ አባቱ ውሃውን አልፈጠረው፤ ቦዩንም ብቻውን አልቆፈረው። አንዱ ገበሬ ሌሊት ተነሥቶ የጎረቤቱን ተራ ቢወስድ ሌባው ያ ገበሬ ነው። ሆኖም ቦዩ ተሰብሮ የባልቴቷን መደብ ሲያጥለቀልቅ የውሃ አባቱ እያየ ካለፈ፣ «ውሃው የኔ አይደለም» ቢል ማንም አይሰማውም። የተሾመው ተመላልሶ ሊያየው ለሚችለው ቦይ ነዋ! ከዚህ ተነሥቼ የደረስኩበት ይኸው ነው፦ ባለቤቱ የጻፈውን ሰው ወንጀል አይሸከምም፤ አይቶ ለተወው ግን ይጠየቃል። በተጨማሪም ሊያየው ከሚችለው በላይ በር ከፍቶ «አላየሁም» ቢል፣ አለማየቱን ራሱ መርጦታል። ስለዚህ አንተ የምታውቃቸውን 40 ወይም 50 ሰዎች ብቻ አስገባ አልኩት። ቅር አለው። ወጣት ነው፣ ሺዎችን አስቧል።

ከዚያም በተራው እኔን አጠመደኝ። «ጋሼ፣ አንድ ልጅ ገብቶ የአንድ ኮሚቴ ገንዘብ የት ገባ ብሎ ቢጽፍስ? ሽማግሌዎቹ መጥተው አጥፋው ይሉኛል። ላጥፋው?» ይህ ከጥላቻው ይከብዳል። የሰው ነውር ከሆነ ሐሜት ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ሐቅ ነው፣ ዝም ማሰኘቱም በደል ይሆናል። መሐል ያለውን መስመር በስልክ ላስረዳው ሞከርኩ፣ አልተሳካልኝም። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ ያጠፋኸውን ሁሉ ለምን እንዳጠፋኸው ለጸሐፊው በጽሑፍ ንገረው፤ ምክንያቱን ለመጻፍ እጅህ ከተንቀጠቀጠ አታጥፋው። ውሃን ለዘመዱ የሚያደላ የውሃ አባትም አይተናልና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ቤትህ የራስህ ቢሆንም መንገዱ የሌላ ነው። በዚያ ጊዜ ቢሆን ኖሮ የዚህ ልጅ ሰርቨር ባሕር ማዶ ሌሊትና ቀን እየበራ፣ የሸዋ ሮቢት ልጆች ግን ሊያዩት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ሊቀመጥ የሚገባውን በየወሩ በወረቀት እንዲያትም መከርኩት። ሳቀብኝ፤ በኋላ ግን የማተሚያ ዋጋ ጠይቋል።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ደውሎልኝ ነበር። ስም መርጧል፣ 30 ያህል ሰው ተመዝግቧል፣ እሱ ሲደክም እኅቱ ትጠብቅለታለች። «የቤቱ ስም በማን ተመዝግቧል?» አልኩት። «በአክስቴ ልጅ፣ ካርዱ የሱ ስለሆነ» አለ። «እሱ መክፈል ቢያቆም፣ ወይም አላህ ዕድሜ ይስጠውና አጀሉ ቢደርስ፣ ቁልፉን ማን ይይዛል? ወቅፍ እንኳ ናዚር አለው።» እ.ኤ.አ. በ2023 ማስቶዶን ዶት ሎል የሚባለው ቤት ባለቤቱ ሰልችቶት ሲዘጋው ነዋሪዎቹ ዕቃቸውን እንዲያወጡ የ3 ወር ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር። ሞት ግን እንዲህ ያለ ጊዜ አይሰጥም።

ልጁ ለአፍታ ዝም ብሎ፣ ከመግሪብ በኋላ ከእኅቱ ጋር ሆነው ለአክስታቸው ልጅ እንደሚደውሉ ነገረኝ።